ተራዬ

«ገባች!» አሉ አማትየው፣ በአንድ እጃቸው የሕፃኑን ጡጦ፣ በሌላው የምራታቸውን ስልክ እንደያዙ።

«ማን ናት የገባችው?»

«የእህቴ ልጅ ናታ! አለቃ ነኝ ብዬ ጻፍኳት፤ ይኸው ከሁሉም በላይ ጉብ ብላለች።»

ምራትየው ስልኩን ተቀብላ አየች። እውነታቸውን ነው። ማንም ማንንም እንዳይቀድም ብላ የደከመችበት የሕክምና ወረፋ በአማቷ አውራ ጣት ተገለባብጧል።

አዳራሹ በጠረጴዛና በላፕቶፕ ተጨናንቋል። ውድድሩን ሀካቶን ይሉታል፤ ሰው ተሰብስቦ በአጭር ጊዜ አንድ መተግበሪያ ሠርቶ ለዳኞች የሚያቀርብበት ነው። ይኼኛው ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ስለሆነ ኮድ መጻፍ የማይችል ሰው የሚፈልገውን በቃሉ ይናገራል፤ ኤአይ የሚሉት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮዱን ይጽፍለታል። ግዴታው አንድ ብቻ ነው፤ ሥራው በብሎክቼይን ላይ መቀመጥ አለበት። አሠልጣኙ የመጀመሪያው ቀን ላይ እንዳስረዳው፣ ብሎክቼይን ሁሉም ሰው የሚያየው፣ የተጻፈበትን ማንም ብቻውን ሊፍቀው የማይችል የጋራ መዝገብ ነው።

ይህን ስትሰማ ምራትየው ያሰበችው የአማቷን ዓይን ነበር። አማትየው ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ግራ ዓይናቸውን ታመው ለሕክምና ሲጠብቁ፣ ተራዎ ደረሰ በተባሉ ቁጥር አንዱ በዘመድ፣ ሌላው በወዳጅ ከላይ እየገባባቸው ጊዜው አለፈና ብርሃኑ ጠፋ። አሁን ቀኙም መደብዘዝ ጀምሯል፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ የሚያስገባላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ለዚህም ነው ምራትየው ማንም በዘመድ የማይገባበት የወረፋ መተግበሪያ ልሥራ ያለችው።

እሷ ደግሞ የአንድ ድርጅት ጸሐፊ ነበረች። ከወሊድ ስትመለስ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ጠበቃት። ለውድድሩ ስትመዘገብ ባሏ «በየትኛው ዕውቀትሽ?» ብሎ ሲስቅ «አንተ ዝም በል!» ያሉት እናቱ ናቸው። «ልጁን እኔ እይዝልሻለሁ። ሂጂ ልጄ፤ ሌላው ቢቀር ንፋስ ይነካሽ።»

«እማማ፣ ምን ነክተው ነው?» አለች አሁን፣ ላብ ላብ እያላት። ለማቅረብ የቀራት ጊዜ እፍኝ አይሞላም።

«ምን እነካለሁ? አለቃ የሚለውን ቁልፍ ነዋ። አለቃ ከሆንኩ ዘመዴን ላስገባ አልኩ። አለቃ የሚያደርገው ይኸንኑ አይደል?»

ቁልፉን ሳትጠይቀው የጨመረው ኤአዩ ነበር፤ ምራትየው «የአለቃውን ቁልፍ አጥፋው» ብላ ጻፈችለት። ቁልፉ ከስልኩ ላይ እልም አለ። እፎይ ልትል ስትል፣ በጠረጴዛዎቹ መሀል ሲዘዋወር የነበረው አሠልጣኝ ጎንበስ ብሎ አየና

«በሩን ዘጋሽው ወይስ መጋረጃ ጣልሽበት?» አላት።

«ምን ማለትህ ነው?»

«የማይታይ ሆነ ማለት የለም ማለት አይደለም። ኮዱን አንብቢው።»

«ማንበብ አልችልም እኮ!»

«ከመጣሽ ጀምሮ እንዲህ ነው የምትዪኝ። እስቲ ዛሬ ሞክሪው» ብሎ ወደ ሌላ ጠረጴዛ አለፈ።

ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። እሷም ብታለቅስ ደስ ባላት። አማትየው ልጁን አቅፈው ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ «እኔ አለሁ፤ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አሏት።

ኮዱን ከፈተችው። በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈ ጋዜጣ መሰላት። አንድ መስመር ቆርጣ ወስዳ «ይህቺ ምን ታደርጋለች?» ብላ ኤአዩን ጠየቀች፤ መልሱን በራሷ አነጋገር ለራሷ ደገመችው። ቀጣዩን ጠየቀች። ቀጣዩን። ጥቂት እንደሄደች አንዱን መስመር ሳትጠይቅ ገባት፤ ያኔ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገች።

አሠልጣኙ ልክ ነበር። የጠፋው የሚታየው ቁልፍ ብቻ ነው። ከሥር፣ ብሎክቼይኑ ላይ በሚቀመጠው ደንብ ውስጥ፣ አለቃ የፈለገውን ሰው በፈለገበት ቦታ የማስገባት ሥልጣኑ እንዳለ ተቀምጧል። ኮድ የሚያውቅ ሰው በጓሮ ዞሮ ይገባበታል። መስመሮቹን በገዛ እጇ ደመሰሰቻቸው። በምትኩም ከላይ ያነበበችውን ምሳሌ አድርጋ አዲስ ደንብ ጻፈች፦ ድንገተኛ ሕመምተኛ መቅደም ይችላል፤ ያስቀደመው ሰው ማንነትና ምክንያቱ ግን ለተሰለፈው ሁሉ ይታያል። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። በሦስተኛው ሠራ።

«እማማ! ይምጡ፣ የእህትዎን ልጅ ያስገቡ እስቲ!»

አማትየው ስልኩን ወደ ደህናው ዓይናቸው አስጠግተው ነካኩት። «ምክንያት ካልጻፍሽ አላስገባም ይለኛል። የእህቴ ልጅ ናት ብዬ ልጻፍ?»

«ይጻፉ። ሰው ሁሉ ያነብልዎታል።»

«ኧረ ጉድ ልታደርጊኝ!» ብለው ስልኩን እንደ ፍም ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

መድረክ ላይ ወጥታ ሥራዋን ስታስረዳ ድምፅዋ አልከዳትም። ተናግራ ስትጨርስ ከዳኞቹ አንዱ፣ የአንድ ዓይን ክሊኒክ ኃላፊ የሆነ ጎልማሳ፣ እጁን ዘረጋ።

«ስልኩን ስጪኝ። እኔ አለቃ ነኝ እንበል፤ አክስቴን ማስቀደም እፈልጋለሁ።»

ሞከረ። እምቢ አለው። በሌላ መንገድ ሞከረ። አሁንም እምቢ። በመጨረሻ እንደ ቀልድ ምክንያት ጻፈና ላከው። ከኋላው ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ እንዲህ የሚል ብቅ አለ፦ «ያስቀደመው፦ ኃላፊው። ምክንያት፦ አክስቴ ናት።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው ዞሮ ሲያየው ጆሮው ድረስ ቀላ፤ እሱም ሆዱን ይዞ ሳቀ። አጠገቡ ያለችው ዳኛ «ይህንን ደንብ ማን ጻፈው?» ስትል ጠየቀች።

«ሌላውን ኤአዩ ነው የጻፈው» አለች ምራትየው። «ይህቺን ግን እኔ ነኝ።»

አንደኛ ወጣች። ስሟ ሲጠራ አማትየው ሕፃኑን ከራሳቸው በላይ አንሥተው «እናትህ ናት! እያት፣ እናትህ ናት!» እያሉ ይጮኹ ነበር። አሠልጣኙ ወንበር ላይ ወጥቶ አጨበጨበላት። ባሏ ስልክ ደውሎ ለረጅም ጊዜ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ነበር።

ሰዉ መበታተን ሲጀምር የክሊኒኩ ኃላፊ መጣ።

«ክሊኒካችን ውስጥ ልንሞክረው እንፈልጋለን። የሚጠብቁትን ሕመምተኞች በሙሉ አስገብተሽ ሥራውን ራስሽ ትመሪልናለሽ፤ በደመወዝ። ምን ትያለሽ?»

«እሺ!» አለች፤ ቃሉ አፈትልኮ ነው የወጣው።

ኃላፊው ወደ አማትየው ዞሮ ዓይናቸውን ልብ ብሎ አየ። «እናቴ፣ ነገ ጠዋት ይምጡ። ተራ የሚባል ነገር ሳይኖር እኔ ራሴ ለሐኪም አቀርብዎታለሁ።»

የምራትየው ልብ ዘለለ። እንደ ውሃ ጠምቷቸው ሲጠብቁት የኖሩት ነገር ነው። ተሽቀዳድማ ልታመሰግነው ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ግን ዓይኑ የእሳቸው ነውና መልሱን ትታላቸው ወደ አማቷ ዞረች።

አማትየው የሕፃኑን የተንሸራተተ ካልሲ ወደ ላይ ሳብ አደረጉ። «ክሊኒክህ ደጅ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው ልጄ?»

«ብዙ ነው እናቴ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ድንገተኛ አይደለሁም፤ ያየኝ ሐኪም ዓመቱ ሳያልቅ ከታከምሽ ዓይንሽ ይተርፋል ብሎኛል።» ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ። «እነሱን አስገብተሽ ስትጨርሺ፣ እኔን ከሥር ጻፊኝ።»

«ከመጨረሻው እማማ?»

«ከመጨረሻው። ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ሁሉ ግን ከኋላዬ ነው!»