ድንጋዩ የማን ነው

ሰጠኝ «ውጡልኝ!» ብሎ በሩን ሲጠረቅመው ሽማግሌው አለኸኝ በልቡ ደስ አለው። ሰውየው ውጡ አለ እንጂ አትመለሱ አላለም። የደም ሽምግልና ወጉ ይኸው ነው፤ ልጁን የቀበረ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ ካለ ልጁን አይወደውም ነበር ይባላል። ይቆጣል፣ ያባርራል፣ ሽማግሌም ተመልሶ ይመጣል።

የአለኸኝ የልጅ ልጅ ኤሊራን ግን ወደ ኋላ ሳያይ ደረጃውን ወረደ። እስራኤል አገር፣ ኪርያት ማታሎን በሚባል የፋብሪካ ሰፈር፣ አንድ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ የሰጠኝን ልጅ ኢታይን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ የገደለው እሱ ነው። ጓደኛው ነበር። የመኪናው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ከተበላሸ ወራት አልፎት ነበር፤ ባለ መጋዘኑ ይህን እያወቀ ዝም ያለ ሰው ነው፣ ለቅሶም አልደረሰም።

«ሰማህ አይደል ሳባ? ውጡ አለን» አለ ኤሊራን፤ አያቱን የሚጠራው በዕብራይስጥ ነው።

«ማለት አለበታ! በሚመጣው ሳምንት ድንጋይ አንገትህ ላይ ተሸክመህ ትመጣለህ፤ ያኔ ሰጠኝ ራሱ ያነሣልሃል፤ ይቅር ማለቱ ነው።»

«ሎ፣ አይደለም ሳባ። ሰው አይሆንም ካለ አይሆንም ነው። ጠበቃውም ይቅርታ ከጠየቅህ ጥፋትህን አመንህ ማለት ነው ብሎኛል።»

«ጠበቃህን መብረቅ ይምታው!»

አለኸኝ ጦር ያስታረቀ ሰው ነው። በወጣትነቱ ደርግን ሊወጋ አርማጭሆ በረሃ ገባ። ኋላ የታገለለት ድርጅት አንደበቱን አይቶ የካርቱም መልእክተኛ አደረገው፤ ከዚያም በሰው አገር ጦርነት መሐል እየገባ፣ በየሆቴሉ ጄኔራሎች ሲያጨባብጥ ዕድሜውን ጨረሰ። ጄኔራሎቹ ከፊርማው ጠረጴዛ ተነሥተው ወደ ጦራቸው ተመለሱ፤ የሞቱት ሞቱ፤ እሱን ሸለሙት። ሜዳሊያው ዛሬ ፔታህ ቲክቫ፣ ልጁ ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ ካረጀ ባትሪ ጋር ይንከባለላል። ይህን አንዱን ዕርቅ ግን ሳያይ መሞት አልፈለገም። ኤሊራን ከዚያ ቀን ወዲህ እህል እየገፋ፣ ከሰው ተራ እየወጣ ነበር። የሰጠኝ ምሕረት ካልደረሰለት እንደማይተርፍ አያቱ አውቋል።

ሽማግሌዎች ተመላለሱ፤ የተቆረጠው የዕርቅ ቀን ደረሰ። ኤሊራን ክፍሉን ቆልፎ ተኛ።

«ያላ፣ ተነሣ! ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል።»

አለኸኝ ከበሩ ወዲያ የታፈነ ለቅሶ ሰማ። በሰው ፋንታ መናገር የኖረበት ሥራ ነው። «ድንጋዩን እኔ እሸከምለታለሁ» አለ።

ኪርያት አርዬ ሰፈር፣ በመሠራት ላይ ካለ ሕንፃ ሥር ሲሚንቶ የደረቀበት ድንጋይ አንሥቶ ቦርሳ ውስጥ ከተተ። ባቡር ሊሳፈር ሲል የጣቢያው ጥበቃ አስቆመው።

«ሳባ፣ ምን ይዘሃል?»

«ድንጋይ።»

«ለምን?»

«ለአንገቴ።»

ጥበቃው ስቆ አሳለፈው። ዱሮ የዲፕሎማት ፓስፖርት ሳለው ቦርሳውን ማንም አይጠይቀውም ነበር።

ሰጠኝ የሚኖርበት ክፋር አቭራሃም ሲደርስ የቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰጠኝ ጢሙን ተላጭቶ ነጭ ለብሷል። የኢታይ እናት ፋንትነሽ ድፎ ዳቦ ጋግራ በጨርቅ ሸፍናለች። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ሁሉም ተሰናድቷል። አለኸኝ ድንጋዩን አንገቱ ላይ አድርጎ ደፉ ላይ ተንበረከከ። ማንም እሱን አላየውም፤ ሁሉም ከጀርባው ወደ ደረጃው ተመለከተ።

«ልጁስ?» አለች ፋንትነሽ።

«ስለ እሱ እኔ…»

«ጋሼ አለኸኝ፣» አለ ሰጠኝ በቀስታ፣ «ልጄን የገደሉት አንቱ ነዎት?»

«አይደለሁም፤ ግን…»

«ታዲያ ድንጋዩ የማን ነው? አርማጭሆ ሳለን የዚያ ጓዱን የገደለ ታጋይ አባት ‹እኔ ልሸከምለት› ብሎ እግርዎ ላይ ሲወድቅ ምን አሉት? ያኔ ገና ጎረምሳ ነበርኩ፤ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

አለኸኝ ቀና ማለት አቃተው።

«‹እጁ የሠራውን አንገቱ ይሸከም› አሉ። በሌላው ሰው ልጅ ላይ እንዲያ ፈረዱ። ለራስዎ ሲሆን ወኪል ሆነው መጡ! እኔ እኮ ልስመው ነበር። ኢታይን ኢታይን ይሸታል ብዬ፣ ልስመው…» እጁን ወደ በሩ ዘረጋ። «ከእንግዲህ እርም! የእርስዎ ዘር በዚህ በር አይገባም። በልጄ አፈር ምያለሁ!»

ፋንትነሽ ዳቦውን ከነጨርቁ አንሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እያለፉት ወጡ። ድንጋዩን ከአንገቱ የሚያነሣለት አልነበረም፤ ራሱ አውርዶ ቦርሳው ውስጥ መለሰው።

ቤት ሲደርስ ኤሊራን ከሕንፃው መግቢያ ቆሟል። ታጥቦ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጫማውን አስሯል።

«በሰደር፣ እሺ ሳባ። እሄዳለሁ። ጠበቃውም የፈለገውን ይበል።»

አለኸኝ ለጄኔራሎች ሲያሻው ተስፋ፣ ሲያሻው ውሸት አጥቶ አያውቅም ነበር። የሰጠኝን መሐላ እያሰበ አፉን ከፈተ፤ ሁለቱም አልመጡለትም።

ኤሊራን ቦርሳውን ከአያቱ ትከሻ ተቀብሎ ከፈተው። ድንጋዩን አውጥቶ አንገቱ ላይ አደረገና እንዲመራው ጠበቀ።

«ያላ፣ ሳባ» አለ።

አያቱ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።