ሁለት ቀኝ ያለው ፊት

ባለቤቴ ሁልጊዜ በቀኟ ታስቀምጠኛለች። ታክሲ ውስጥም፣ ዘመድ ቤትም፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅም። ለምን እንደሆነ ተነጋግረንበት አናውቅም። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ስትነሳ የፊቷ ግራ ጎን አልታዘዝ አላት። ሐኪሙ የፊት ነርቭ ነው፣ በጊዜው ይመለሳል አለን። ጥቂቱ ተመለሰ፣ ቀሪው አልተመለሰም። የግራ ዓይኗ የታችኛው ቆብ ዝቅ ብሎ ቀረ፤ የአፏ ጫፍም ወደ ታች ተሳበ። ከዚያ ወዲህ የሻርፗን ጫፍ በዚያ በኩል ትጥላለች፤ እኔ በቀኟ እቀመጣለሁ።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሄድን ዕለትም በቀኟ ነበርኩ።

ልጃችን የምትኖረው ባሕር ማዶ ነው። ከሄደች አምስት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነበር፤ ሐኪሞቹ በማግስቱ ጠዋት በቀዶ ጥገና እናዋልድሻለን ብለው ቀን ቆርጠውላታል። በስልክ አለቀሰች። "እማዬ እጄን ካልያዘችኝ አልገባም" አለች። ሠላሳ ሊሞላት ነው፤ እናቷ ዘንድ ስትደውል ግን ስድስት ዓመት አይሞላትም። ያ በረራ ካመለጠን የሚቀጥለው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሻንጣ ሙሉ የሕፃን ልብስ ሰፍታ፣ እኔን ከአልጋ ጎትታ፣ ከበረራው አምስት ሰዓት ቀድመን ደረስን።

እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ። አርባ አንድ ዓመት አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። ስጀምር የሰው ፊት የማሳምረው ፊልሙ ላይ በሹል እርሳስ ነበር፤ በኋላ በኮምፒዩተር ሆነ። ጠባሳ አጠፋለሁ፣ የፈዘዘ ዓይን አበራለሁ፣ የተጣመመ ክራቫት አቃናለሁ። አንድ ልማድ አለኝ። የማንንም ፎቶ ከመንካቴ በፊት እንዳለ አንድ አትሜ ፊት ለፊቴ እለጥፈዋለሁ። ጥሬው እለዋለሁ። እሱን እያየሁ ነው የምሠራው፣ የሰውየው መልክ ጨርሶ እንዳይጠፋብኝ። ሥራው ሲያልቅ ጥሬው ወደ ቅርጫት ይሄዳል።

ሻንጣችንን አስረክበን፣ ለሰዓታት ጠብቀን፣ በመጨረሻ መሳፈሪያው በር ስንደርስ ሰው የሚይዘው የመሳፈሪያ ወረቀት የለም። "ወረቀታችሁ ፊታችሁ ነው" አለች የደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ፣ ፈገግ ብላ። በሩ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው። አጠገቡ የሰው ቁመት የሚያህል ምሰሶ ቆሟል፤ አናቱ ላይ ካሜራና ስክሪን አለው። ወለሉ ላይ ሁለት ጫማ ተሥሏል። እዚያ ላይ ቆሞ ቀና ማለት ነው። አረንጓዴ ሲበራ መስታወቱ ይከፈታል፣ አንድ ሰው ያሳልፋል፣ ይዘጋል።

ከፊታችን ሦስት ስልክ የያዘ ነጋዴ ነበር። ወደ እኛ ዞረ። "ተገላገልን! ባለፈው ያቺን ቁራጭ ወረቀት ከሱሪዬ ጋር አጥቤያት አውሮፕላን ጥሎኝ ሄዷል። ፊቴን የት እጥለዋለሁ?"

ከኋላችን የቆመው ጡረታ የወጣ መምህር ነበር፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ። "ፊትዎ አንዴ ከገባላቸው በኋላ የት እንደሚያስቀምጡት ጠይቀዋል?" አለው።

"የእኔን ፊት ምን ያደርጉታል? ሚስቴ እንኳ ሰልችታዋለች።"

"ወረቀት ቢሰረቅ ሌላ ይሰጡዎታል። ፊት ቢሰረቅስ?"

"ከሰረቁት አደራ መላጣዬንም ጨምረው ይውሰዱልኝ።"

ባለቤቴ ሻርፗ ውስጥ ሳቀች። "እኔስ ደስ ብሎኛል" አለች። "ወረቀቱን የት አደረግሽው እያለ ከሚጨቀጭቀኝ ሰውዬ ተገላገልኩ።"

ሰውዬው እኔ ነኝ።

ነጋዴው ጫማው ላይ ቆመ። ቀይ በራበት። ኮፍያውን እንዲያወልቅ ልጅቷ ነገረችው፤ ሲያወልቅ አረንጓዴ ሆነ። "አላልኳችሁም? መላጣዬን ወደዳት!" እያለ አለፈ።

እኔ ቀረብ ብዬ ልጅቷን ጠየቅኳት። "ማሽኑ ፊታችንን ከምን ጋር ነው የሚያስተያየው?"

"ከፓስፖርታችሁ ፎቶ ጋር ነዋ፣ አባባ።"

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ።

ባለፈው ዓመት ፓስፖርት ስናወጣ ያነሳኋት እኔ ነኝ። የፓስፖርት ፎቶ አይነካም። ማሳሰቢያውን ፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ያን ዕለት በርጩማው ላይ ተቀምጣ "በዚያኛው በኩል አንሳኝ" አለችኝ። ፊት ለፊት ነው የሚፈልጉት አልኳት። ሻርፗን አውርዳ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ወደ ቤት ከሄደች በኋላ ጥሬውን አትሜ ፊት ለፊቴ ለጠፍኩት። ብዙ አየሁት። ከዚያ የቀኝ ጎኗን ገልብጬ በግራው ላይ ገጠምኩት። ቀኝ ጉንጯ ላይ ጥቁር ነጥብ አለች፤ ሁለት እንዳትሆን አንዷን አጠፋሁ።

ፎቶውን ሳሳያት ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። "ተሽሎኛል እንዴ?" አለች።

መልስ መስጠት ነበረብኝ። "መብራቱ ጥሩ ነበር" አልኳት።

በዚያው ቀረ። ለልጃችን ላከችላት። ከዚያ ወዲህ መስታወት አታይም፤ ሲከፋት ፓስፖርቷን ታያለች።

ወረፋው ላይ ይህን ሁሉ አሰብኩ። ልነግራትም ነበር። "ተራህ ነው፣ ሂድ እንጂ" ብላ በክርኗ ገፋችኝ። ሄድኩ። የእኔን ፎቶ ያሳመረው የለም፤ እንደተበሳጨሁ ነው የወጣሁት። ማሽኑ ወዲያው አወቀኝ። መስታወቱ ከኋላዬ ተዘጋ፣ እሷ ወዲያ ማዶ ቀረች።

"እማማ፣ ሻርፑን ዝቅ ያድርጉልኝ" አለቻት ልጅቷ። ድምፅ በመስታወቱ በኩል ቀጥኖ ነው የሚመጣው፣ ግን ይሰማል።

ዝቅ አደረገች። ቀይ በራ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሳ እንደገና ቆመች። ቀይ። ስክሪኑ ላይ የራሷን ፊት አየችው። ከስንት ጊዜ በኋላ እንዳየችው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ትንሽ አሰበችና የግራ ጉንጯን በሁለት ጣቷ ወደ ላይ ደግፋ ያዘች።

"እባክዎ እጅዎን ከፊትዎ ላይ ያንሱ" አለ ማሽኑ።

አርባ አንድ ዓመት ሰው ካሜራ ፊት አስቀምጫለሁ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

"የኔ ልጅ፣ ማሽንሽ ታሟል" አለቻት ባለቤቴ። "ይሄ የእኔ ፎቶ ነው። ያነሳኝ ባሌ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፎቶ አንሺ ነው፤ ያውልሽ ቆሟል፣ ጠይቂው።"

ልጅቷ ፓስፖርቱን አየች፣ ፊቷን አየች፣ እንደገና ፓስፖርቱን አየች። ፈገግታዋ የለም። "እማማ፣ እውነት እርስዎ ነዎት?"

"ታዲያ ማን ልሆን ነው?"

ልጅቷ ስልክ አንስታ ኃላፊ ጠራች። የመጨረሻው ጥሪ ተነገረ። ነጋዴው እዚህኛው በኩል አጠገቤ ቆሞ ነበር፣ አልሄደም። "አባባ፣ አንድ ነገር ይበሉ እንጂ፣ ሊዘጉት ነው" አለኝ።

ባለቤቴ ወደ መስታወቱ ቀረበች። "አንተ ሂድ!" አለች። "ልጃችን ብቻዋን እንዳትሆን። እኔ … ይሄ ፊቴ አልሆነም መሰለኝ።"

"ፊትሽ አይደለም" አልኩ። አልሰማችኝም። እኔ በባሕርዬ አልጮህም። ጮህኩ። "ፊትሽ አይደለም! ፎቶው ነው!"

"ፎቶው ምን ሆነ?"

"አስተካክዬዋለሁ!"

"ምኑን?"

"ግራውን! ቀኙን ገልብጬ ነው የለጠፍኩት!"

ወረፋው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። አንድ ሕፃን ብቻ ጭማቂ በቀሰም ይስባል።

"መብራቱስ?" አለች።

"የምን መብራት!"

ቆመች። ነገሩን በጭንቅላቷ እንደ ጨርቅ ስትዘረጋው አያታለሁ። "ሁለት ቀኝ ሰጥተኸኝ ነው?"

"አዎ!"

"ዓመት ሙሉ ተሻለኝ ብዬ …" አልጨረሰችውም። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ የተናገረችው አልተሰማኝም፤ ከከንፈሯ ግን አነበብኩት። "አንተ ሞኝ ሽማግሌ" ነው ያለችው።

ኃላፊው ክራቫት ያሰረ ሰው ነበር፤ ክራቫቱ ተጣሟል። ልጅቷ በጆሮው ነገረችው። በጎን ባለች ትንሽ በር ወደ እኔ መጣ። "ይሄ ጥፋት መሆኑን ያውቃሉ?"

"ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።"

"ያልተነካው ይኖርዎታል? እንዳሉት መሆኑን ማየት አለብኝ።"

"አለ።"

"የት?"

"ኪሴ ውስጥ።"

የኪስ ቦርሳዬን ከፍቼ አወጣሁለት። ጥሬው ነው። ጠርዙ ተልጧል፣ መሐሉም ታጥፏል። ወደዚያኛው በኩል ይዞት ተመለሰና ከፊቷ ጎን አስጠግቶ ያዘው። ባለቤቴ ፎቶውን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

"ይሄኛው እርስዎ ነዎት" አላት ኃላፊው። አሻራዋን አስነሳት፣ ፓስፖርት ስታወጣ ከሰጠችው ጋር ሊያስተያይ። ጣቷን እያስቀመጠች ሳለ ወደ እኔ ዞሮ "ጣቷንስ አላሳመሩትም?" አለኝ።

"ጣት አልሠራም" አልኩት።

አሻራው ልክ ሆነ። ስንመለስ ፓስፖርቱ እንዲቀየር፣ እኔም ቀርቤ እንድጠየቅ የሚል ወረቀት ጽፎ አስፈረመኝ። ፈረምኩ። ወረቀት የለም በተባለበት በር ወረቀት የያዝኩት እኔ ብቻ ሆንኩ። ፎቶውን መልሶ ሰጠኝና በትንሿ በር በእጁ አሳለፋት።

መምህሩም መነጽሩን አውልቆ፣ የተሣለውን ጫማ በእግሩ ዳብሶ፣ ተከትሎን አለፈ። "ሰው ባይኖር እኮ እዚያው ቀርተው ነበር" አለ።

"መምህር፣ ማሽኑ እኮ ትክክል ነበር" አለ ነጋዴው። "ያጭበረበሩት አባባ ናቸው።"

"ማሽኑ ትክክል ነበር። ግን ምን እንደሆነ አልገባውም።"

"መምህር መሆንዎ ያስታውቃል፣ ትክክል ለመለሰም ነጥብ ይቀንሳሉ።"

ባለቤቴ እስከ አውሮፕላኑ ድረስ ቀድማኝ ሄደች፣ እኔ የእጅ ቦርሳዋን ተሸክሜ ተከተልኩ። ወንበራችን በአውሮፕላኑ ቀኝ በኩል ነበር፣ አንዱ መስኮት ጋ፣ አንዱ ከጎኑ። እንደ ልማዳችን መስኮቱ ጋ ልገባ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

"መስኮቱ የእኔ ነው" አለች።

ገብታ ተቀመጠች። እኔ በግራዋ ተቀመጥኩ። ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፣ አልሰበሰበችውም።

"አምጣው" አለች።

ሰጠኋት። ጉልበቷ ላይ አድርጋ እጥፋቱን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች አየችው፣ ስፌት እንደምታይ። "ጥሬ ትጥል የለም እንዴ?"

"እጥላለሁ።"

"ይሄንንስ?"

"እሱ አንቺ ነሽ።"

"ፓስፖርቱ ላይ ያለችውስ?"

"እሷ ለመንግሥት ናት።"

ሳቀች። ስትስቅ አፏ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ግራው ይቀራል። በእጇ አልሸፈነችውም። ቆይታ "ለልጃችን ላክላት" አለች።

"የቱን?"

"ይሄን ነዋ። ስታየኝ እንዳትደነግጥ።"

በስልኬ አነሳሁትና ላክሁት። ምንም አልጻፍኩም። አስተናጋጇ ስልክ ዝጉ እያለች ወደ እኛ ስትደርስ መልሱ ገባ። "እማዬ፣ ስልኩን ሁልጊዜ በአንድ ጎን ስትይዢው የማላውቅ መስሎሽ ነው? ነይልኝ ብቻ" ይላል።

አነበበች። እኔ እንዳላነበብኩት ሁሉ ስልኩን መልሳ አስነበበችኝ።

"ታውቅ ነበር" አለች።

"አዎ።"

"ሁለታችንም ሞኞች ነን።"

"አዎ።"

"አንተ ትብሳለህ።"

"አዎ።"

አውሮፕላኑ ተነሳ። ሌሊቱን ስትሰፋ ነበር ያደረችው፤ ብዙ ሳትቆይ ራሷ ወደ ትከሻዬ መጣ። ቤት ወደ ግድግዳው ዞራ ነው የምትተኛው። የግራ ዓይኗ ስትተኛም ሙሉ በሙሉ እንደማይከደን ያን ዕለት ነው ያየሁት። ከደመናው በላይ ፀሐይ ነበር፣ በመስኮቱ ገብቶ እሷ ላይ አረፈ። እንዳትነቃብኝ ቀስ ብዬ እጄን አሳለፍኩና መከለያውን ዝቅ አደረግኩት።