የአስተርጓሚው ቃል

"ስንት ልጆች አሉዎት?" አለች ጠያቂዋ በስልኩ ውስጥ። አስተርጓሚው ጥያቄውን በእናትየዋ ቋንቋ ደገመው።

"ሦስት" አሉ እናትየዋ።

"ሦስት" ብሎ መለሰላት። የኪቦርዷ መንኳኳት ቀጥ አለ። እንዲህ ሲቆም ደግ ነገር እንደማይከተል ከልምድ ያውቃል።

የመኝታ ቤቱን በር ዘግቶ ማዳመጫውን ካጠለቀ ወዲህ ይህ አራተኛው ቃለ መጠይቅ ነው። ድሮ እሱ ራሱ ጥገኝነት ሲጠይቅ ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ ውሃ ቀድተውለት፣ ግማሽ ቀን ነበር የሰሙት። ዘንድሮ የሚመጣው ሰው በሦስት እጥፍ ሲጨምር የስደተኞች መሥሪያ ቤቱ ጥያቄውን በስልክ አደረገው፤ ጊዜውንም ወደ አርባ ደቂቃ አወረደው። መመሪያው ሌላ ድምፅ እንዳይሰማ ስለሚያዝ ሥራ ሲጀምር የፍሪጁን ሶኬት ይነቅላል። ስደተኛው በበዛ ቁጥር ወተቱ ይበላሽበታል። ሌላ ድምፅማ ከየት ይመጣል? በዚያ ቤት ከፍሪጁ በቀር የሚያጉረመርም የለም። ቀኑን ሙሉ "ሸሸሁ፣ ቤቴን አቃጠሉብኝ" እያለ የሰው ታሪክ ሲናገር ይውላል፤ ማዳመጫውን ሲያወልቅ የራሱን የሚያወራው ሰው የለውም። ብቸኝነቱ የሚከፋበት ያኔ ነው።

"ድንበር ላይ የተሞላው ቅጽ ሁለት ነው የሚለው" አለች ጠያቂዋ። "የትኛው ነው ትክክል?"

"ሦስት ነዋ" አሉ እናትየዋ። "እናት የልጆቿ ቁጥር ይጠፋታል?"

"እንግዲያው የቃል ልዩነት አለ። ምልክት አደርግበታለሁ።"

ምልክት የተደረገበት መዝገብ ወደ ፈጣን ውሳኔ ይሄዳል። ከዚያ የሚመጣው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ወደመጡበት ይመለሱ።

አስተርጓሚው ነገሩ ገብቶታል። የእሱ እናትም ልጆችሽ ስንት ናቸው ሲሏት እስክትሞት ድረስ "አምስት" ትል ነበር። ማዕድ የሚቀርቡት ግን አራት ነበሩ። አምስተኛው ገና ዳዴ ሳይል ነው የሞተው፤ ቀንሺው ብሎ የደፈራት ግን አልነበረም።

ያልተባለ መጨመር ክልክል ነው። ባለፈው ወር አንድ የሚያለቅስ ሰውን "አይዞህ" በማለቱ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ከደገመው ከአስተርጓሚዎች ዝርዝር ይሰረዛል። የሚኖረው በዚሁ ሥራ ነው፤ ከተሰረዘ ደግሞ የሰው ድምፅም ጭራሽ ሊናፍቀው ነው።

"ሰባት ደቂቃ ቀርቶናል" አለች ጠያቂዋ። ድምጿ ደክሟል እንጂ ክፉ አይደለም። "የሚጨምሩት ካለ ይጠይቋቸው።"

ጠየቃቸው።

"ምን እጨምራለሁ፣ ልጄ" አሉ እናትየዋ።

"የሚጨምሩት የለም" ብሎ ተረጎመ። "ልጄ" የምትለዋን ብቻ ለራሱ አስቀራት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አሁን የምናገረው የራሴ ቃል ነው። ከልጆቻቸው የሞተ እንዳለ ይጠይቁልኝ። የሞተ ልጇን ከቁጥር የማታወጣ እናት አለች፤ የእኔዋ እንደዚያ ነበረች።"



"ማስጠንቀቂያ እንዳለብዎት እዚህ ይታየኛል" አለች ጠያቂዋ። "ይህን መመዝገብ አለብኝ።"

"ይመዝግቡት። ያልኩትን ሁሉ እንዳለ ይመዝግቡት።"

ኪቦርዱ እንደገና መንኳኳት ጀመረ።

"ምን አልካት?" አሉ እናትየዋ ግራ ገብቷቸው። "እኔ ያን ያህል አላወራሁም።"

ለተጠያቂ በቀጥታ መመለስም ክልክል ነው።

"ልጆችዎ ሦስት ናቸው አልኳት፣ እማማ" አላቸው።