አላገላብጥህም

ሥራዬ ሰው ማናደድ ነው። ዲፕሎማዬ ላይ ፊዚዮቴራፒስት ነው የሚለው፣ የነፍስ አድን ቡድናችን ልጆች «ወጌሻዋ» ይሉኛል፣ ታካሚዎቼ በሌለሁበት የሚሉኝን ደግሞ አልነግራችሁም። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን የምኖረው በሰው እልህ ነው። የተሰበረ ሰው አጥንቱ ገጥሞም አይነሳም፤ ይፈራል። አይዞህ ስትሉት ይብስበታል፣ ትራሱን አመቻችቶ ይጋደማል። ያናደዳችሁት ሰው ግን እናንተን ለማነቅም ቢሆን ይነሳል። ከተነሳ በኋላ የፈለገውን ይበለኝ፣ ምን ቸገረኝ።

የቡድኑ አለቃ ወንድሜ ነው። ታናሽ ወንድሜ፤ «ታናሽ» የምትለዋ ይሰመርባት። ንፍጡን የጠረግኩለት ልጅ አድጎ፣ ትከሻው በር አልበቃው ብሎ፣ ከገደል ሰው ማውጣት ሥራው ሆኖ፣ «አንቺ መኪናው ጋ ጠብቂ» ይለኛል። ሁልጊዜ መኪናው ጋ። እንደ እሱ አባባል እኔ የማስፈልገው የተጎዳው ሰው ከወጣ በኋላ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ለማሰር፣ የወለቀ ትከሻ ለመመለስ፣ ቃሬዛ ሲሸከሙ የዋሉትን ጎረምሶች ወገብ ለማሸት። በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ እንደተኳረፍን እናታችን ትቁጠረው። ሲፈልገኝ «እትዬ» ይለኛል፤ ሳይፈልገኝ «ባለሙያዋ»።

ያን ቀንም መኪናው ጋ ነበርኩ። አንድ ተጓዥ ሸለቆው ውስጥ ወድቆ እግሩን ተሰብሮ ነበርና ልጆቹ በቃሬዛ ተሸክመው አወጡት። እግሩን አስሬ አመቻቸሁለት፣ ከነቃሬዛው በአንደኛው መኪና ጭነውት ወደ ከተማ ነጎዱ። ወንድሜ ገመዶቹንና የቀረውን ዕቃ ሊሰበስብ ታች ቀረ። ላይ የቀረነው እኔና የሁለተኛው መኪና ሾፌር ነን። ሾፌራችን ግዙፍ ሰው ነው፤ ዝምታው ደግሞ ከግዝፈቱ ይበልጣል። ሸለቆው ውስጥ ወደሚፈሰው ወንዝ ምንጭ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ እኛ ያለንበት ግን ገና ጠብ አላለም። ሾፌሩ ያንን ሰማይ ደጋግሞ ሲያየው እኔም ማየት ጀመርኩ።

የድንጋይ መንሸራተት ድምፅ ሰማን። ቀጥሎ የወንድሜ ድምፅ በሬዲዮ መጣ፤ ወድቄያለሁ፣ ጀርባዬ ነው፣ ማንም እንዳይነካኝ አለ። አንድ ገመድ መኪናው ላይ አስሬ፣ ሾፌሩን ተከተለኝ ብዬ መውረድ ስጀምር ሬዲዮው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንቺ መኪናው ጋ ጠብቂ።» ወድቆም ያዝዘኛል! ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወረድኩ።

ወንዙ ዳር፣ ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች መካከል በጀርባው ተዘርግቶ አገኘሁት። ሄልሜቱ ደህና ነው፣ ደምም የለም። እጆቹን ጎንና ጎኑ ላይ ዘርግቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። ልክ እንደዚያ ሆኖ የተኛ ሰው አውቃለሁ። ስለዚያ ሰው በቤታችን አይወራም፤ አሁን ግን ካላወራሁት የሆነው ነገር አይገባችሁም።

አባታችን ግንበኛ ነበር። ልጆች ሳለን ከመወጣጫ ላይ ወደቀ። እንዳይነቃነቅ ተባለ፣ ጓዳ አልጋ ተነጠፈለትና ተኛ። ከጊዜ በኋላ ሐኪሞቹ አጥንቱ ገጥሟል፣ ይሞክር አሉ። እሱ ግን ወይ ፍንክች። እናታችን ቆዳው እንዳይቆስል ሌሊትም ቀንም ስታገላብጠው ወገቧ ጎበጠ። ወንድሜ ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበር፤ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ወፍራም ገመድ አምጥቶ ከጣሪያው ማገር ላይ አሰረለት። ለእጅ እንዲመች በየቦታው ቋጠሮ ሠርቶበታል። አባዬ ይዘህ ተነሳ አለው። አባታችን ገመዱን አየው፣ ልጁን አየው፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እዚያው አልጋ ላይ ሞተ። ከዚያ በኋላ እኔ ሰው የሚያስነሳ ትምህርት ተማርኩ፣ ወንድሜ ደግሞ ገመድ ይዞ ገደል ለገደል ገባ። ለምን እንደሆነ ተነጋግረን አናውቅም።

አጠገቡ ተንበርክኬ መመርመር ጀመርኩ። እግሬን አላውቀውም አለኝ፣ ከወገቤ በታች የእኔ አይደለም። አከርካሪውን ከአንገቱ ጀምሬ በጣቴ እየተጫንኩ ወረድኩ፤ መሐሉ ላይ ምንም አላመመውም፤ በቀኝ በኩል ከወገቡ በላይ ስደርስ ግን አስጮኸው። ጡንቻው ድንጋይ ሆኗል። ጣቶችህን አንቀሳቅስ ስለው አልችልም አለ፤ አልሞከረምም። ሾፌሩ ከኋላዬ ደርሶ ነበርና ትከሻዬን ነካ አድርጎ ወንዙን አሳየኝ። ጠዋት ጠጠሩ የሚታይበት ውሃ አፈር መስሎ እንጨት እየጎተተ ይመጣል፤ የወንድሜ እግር ዘንድ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው።

በሬዲዮ የሆስፒታላችን ሐኪም ገባ። ሄሊኮፕተሩ በጉም ምክንያት አይነሳም፣ ቃሬዛ የያዘው መኪና እስኪመለስ ይመሻል። አነጋገሩ የረጋ ነው፤ የሚጠየቀውን ሁሉ ጠየቀኝ። የመጨረሻው ጥያቄ ሽንቱን መቆጣጠር ይችል እንደሆነ ነበር። ወንድሜን ሱሪህን አርጥበሃል ወይ አልኩት። በሾፌሩ ፊት እንዲህ ስለው ግንባሩን ቋጥሮ አላረጠብኩም አለ፤ ገልጬ አየሁ፣ እውነቱን ነው። በዚህ መሐል አንድ ማዕበል መጥቶ ቦት ጫማዎቹን አጥለቀለቃቸው። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ሁለቱም እግሮቹ እንደ ሕፃን እግር ሰብሰብ አሉ።

አየሁት። እሱ አላየውም፤ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። ለሐኪሙ ያየሁትን ነገርኩት። እኔ ደረቅ ክፍል ውስጥ ነኝ፣ እጁን የያዝሽው አንቺ ነሽ፣ የምትወስኚውን እደግፋለሁ አለኝ። እንዲህ የሚል ሐኪም እድሜ ይስጠው።

መወሰን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ብሳሳትስ? ከተሳሳትኩ የገዛ ወንድሜን በአፌ ሽባ አድርጌው ነው የምኖረው። ግን ሁለት ሰው ያንን የሚያህል ሰውነት በዚያ ቋጥኝ ላይ መሸከም አይችልም፣ ውሃውም አይጠብቅም። ያለን አንድ መንገድ ነው፤ በገዛ እግሩ መውጣት።

ተነስ አልኩት። አልችልም አለ። እግሮችህን ሰብስበሃቸዋል፣ አየሁህ አልኩት። አላመነኝም። አባብዬ ሞከርኩ፣ ደረጃ በደረጃ አስረድቼ ሞከርኩ፣ ሾፌሩም በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር አድርጎ በእናትህ ተነስ ብሎ ለመነው። ወንድሜ ሁላችንንም ሰምቶ ሲያበቃ በአለቃ ድምፁ ትእዛዝ ሰጠ። ሁለት ሰው ከሚጨመር አንድ ይሙት፣ ገመዱን ይዛችሁ ውጡ፣ ይህ ትእዛዝ ነው አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዞረ።

ፊቱን ወደ ድንጋዩ ባያዞር ኖሮ ምናልባት አልለውም ነበር። እዚያ ላይ ግን ደሜ ፈላ። በእሱ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ጓዳ፣ በዚያ አልጋ፣ በእናቴ ወገብ፣ በሞተው ሰውዬም ጭምር ነው የተናደድኩት። ከላይ ያወረድነውን ገመድ ጫፍ አምጥቼ ደረቱ ላይ ጣልኩለት።

«እሺ፣ ተኛ» አልኩት። «ጓዳው ባዶ ነው። አልጋውም አለ፣ እናታችን አልጣለችውም። ግን እሷ አርጅታለች፣ አንተን ማገላበጥ አትችልም። እኔ ደግሞ አላገላብጥህም። ሰማኸኝ? አላገላብጥህም።»

ሾፌሩ ዞር ብሎ ወንዙን ማየት ጀመረ። ወንድሜ ቀስ ብሎ አንገቱን መለሰ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ዝም በይ» አለኝ።

«ለአባዬ ገመዱን ያሰርክለት አንተ ነህ። አልይዝም ብሎ ፊቱን አዞረብህ፣ እስከ ዛሬ ይቅር አላልከውም። ይሄኛውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ወይ ያዘው፣ ወይ እኔም እንደ አንተ፣ ፊቱን ያዞረብኝን ሰው ቆሜ ልየው።»

የሰደበኝን ስድብ እናታችን ብትሰማ አፉን በሳሙና ታጥበው ነበር። በሰፈር ልጅነታችን እንኳን እንዲህ ያለ ስድብ ሰምቼ አላውቅም። እየተሳደበ ግን ገመዱን ጨበጠ። በጎንህ ተገልበጥ፣ ክርንህን ተደገፍ፣ ጉልበትህን ሰብስብ እያልኩ ያለማቋረጥ ተናገርኩ፤ እሱም ያለማቋረጥ ሰደበኝ። በጉልበቱ ሆነ። ጮኸ። ከዚያ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ገመዱን በሁለት እጁ አንቆ ቆመ። እግሮቹን ቁልቁል ሲያያቸው እንባው መጣ። ማልቀሻ ጊዜ የለም፣ ሂድ አልኩት። እኔም እያለቀስኩ ነበር፤ ከኋላው ስለሆንኩ አላየኝም።

መታጠቂያውን ከገመዱ ጋር አያይዤለት ሾፌሩ ቀድሞ ወጥቶ ከላይ ሳበው። እኔ ከታች ትከሻዬን መቀመጫው ሥር አስገብቼ ገፋሁት። ደግ ነው አላልኩትም፣ በርታም አላልኩትም። በቆመ ቁጥር «ጓዳ» እለዋለሁ፤ ይራገምና አንድ እርምጃ ይወጣል። ግማሽ መንገድ ላይ ቁልቁል ባይ፣ ተኝቶበት የነበረው ቦታ የለም። ድንጋዮቹም፣ የዕቃ ቦርሳውም፣ ሁሉም ውሃ ሆኗል። ሾፌሩም አይቶት ነበር፤ መሳቡን ቀጠለ። ላይ ስንደርስ መኪናው ውስጥ አስተኝተን አስረን ወሰድነው።

ሆስፒታል ራጅ ሲያነሱት ከአከርካሪው አጥንት በጎን ከሚወጡት ክንፎች አንዱ ተሰንጥቆ ተገኘ። ያማል እንጂ ሽባ አያደርግም። ያ የረጋ ሐኪም ራሱ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። ወንድሜ ግን አኮረፈኝ። ልጠይቀው ስገባ ዓይኑን ይጨፍናል። ሚስቱ በምን ተጣላችሁ ብትለኝ እሱን ጠይቂው አልኳት፣ እሱም እሷን ጠይቂያት ብሏታል። ይቅርታ እንድጠይቅ ጠብቆ ከሆነ ይጠብቅ። የሚራመድ ሰው ማኩረፍ መብቱ ነው።

ከሆስፒታል ሲወጣ ወደ ሌላ ፊዚዮቴራፒስት ሊሄድ ፈልጎ ነበር አሉ። ምን እንዳስቀየረው አላውቅም። አንድ ጠዋት የክሊኒኬን በር ከፍቶ በክራንች ገባ፣ ሰላም ሳይለኝ ሁለቱ ረጃጅም የመራመጃ ብረቶች መካከል ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ተነስ አልኩት። ሌሊቱን አመመኝ፣ ዛሬ አልችልም አለ። ወደ እሱ ዞሬ አፌን ከፈትኩ።

«እንዳትናገሪው» አለኝ።

ብረቶቹን ይዞ ተነሳ። ጥርሱን ነክሶ እስከ ጫፍ ድረስ ሄደ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። መሐል ላይ ሲደርስ ቆመና፣ ሳያየኝ፣ ዓይኑን እጆቹ ላይ ተክሎ ጠየቀኝ።

«እትዬ፣ እውነት አታገላብጪኝም ነበር?»

እንዴት አላገላብጠውም? ወገቤ እንደ እናቴ ወገብ እስኪጎብጥ፣ ሌሊትም ቀንም፣ እስክሞት ድረስ አገላብጠው ነበር። ይህን ግን ዛሬ ከእኔ አይሰማም። እስኪሮጥ ድረስ አልነግረውም።

«ቀኝ እግርህን እየጎተትክ ነው» አልኩት። «አንሳው።»