ስለ ቱሪስት የት ይጠየቃል?

በላሊበላ የቀረው ቱሪስት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ዓሣ ነው።

ስሙን ያወጣለት ሙሉሃብት ነው። ሙሉሃብት በእንግዳ ተቀባይነት ይሠራበት የነበረው ሆቴል እንግዳ አጥቶ ሲዘጋ፣ አልጋው፣ ወንበሩ፣ መጋረጃው ሳይቀር ወሳጅ አገኘ። ከመግቢያው ጥግ የተቀመጠውን አኳሪየም ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። በመስታወቱ ውስጥ አንድ ብርቱካንማ ዓሣ ብቻውን ይመላለሳል። ሙሉሃብት አኳሪየሙን በባጃጅ አስጭኖ፣ ዓሣውን ውኃ በሞላው ላስቲክ ታቅፎ ቤቱ አስገባውና፣ «ሁሉም ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ አንተ ብቻ ቀረህ። ቱሪስት ብዬሃለሁ» አለው።

ታላቅ ወንድሙ ደሳለ አስጎብኚ ነው። ሥራው ከቆመ ቆይቷል፤ የሥራው ጠባይ ግን አለቀቀውም። አስጎብኚ ከሆነ ጀምሮ «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እንግዳ የዛፍ ስም ቢጠይቀው የዛፉን ስም፣ የወፍ ዕድሜ ቢጠይቀው የወፏን ዕድሜ ይነግራል። የማያውቀውን ሲያብራራ እንዲያውም ድምፁ ይበልጥ ያምራል።

በመስከረም አጋማሽ ሙሉሃብት ታመመ ተባለ፤ ሳምንት ሳይሞላው ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ደሳለ አጥርቶ አያስታውስም። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ አግዳሚ ወንበር ይጎተታል። የሟች ሚስት ሰርካለም ከአኳሪየሙ ፊት ለፊት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ዓሣውን ታያለች። «አይዞሽ» ላላት ሁሉ አንገቷን ነቅነቅ ታደርጋለች እንጂ አትናገርም።

ለቀስተኛም ዐይን አለው። «ምንድን ነው ይሄ?» ይላል። «የሙሉሃብት ነው፤ እንደ ልጁ ነበር የሚያየው» ይባላል። ከዚህ በኋላ ማን ያስችለዋል? ላስታ ውስጥ ለቅሶ ቤት ገብቶ እህል ሳይቀምስ የሚውል ፍጡር የለም። የፍላቂት ዘመዶች የገብስ ዳቦ ፈረፈሩለት። ጎረቤት ከእንጀራው ጫፍ ቆረሰለት። ከኩልመስክ የመጡት አክስት እትየ አመተ ማርያም ደግሞ ንፍሮ በዞረ ቁጥር ሁለት ሁለት ፍሬ ስንዴ ጣል እያደረጉ፣ «ብላ እንጂ የኔ አንጀት፤ አንተም እኮ አባትህ ነው የሞተ» ይሉታል።

ቱሪስትም በላ። እምቢ የሚል አመል አልነበረውም።

በጥቅምት መግቢያ ውኃው እንደ ድፍርስ ጠላ ሆነ። አንድ ጧት ሰርካለም ስትነሣ ቱሪስት ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ጀርባው ወደ ታች ዞሮ ይንሳፈፋል። በጆሮ ግንዱ በኩል ያለው መተንፈሻው ብቻ ከፈት ከደን ይላል። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«ጋሼ» አለችው ደሳለን፤ «ይኸንንም እንዳትቀብሩብኝ።»

ደሳለ የአየር ለውጥ ነው ብሎ ሊጀምር አፉን ከፈተ። ዐይኗን ሲያይ ዘጋው። ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ወደሚያገኝበት በረንዳ ወጣ።

መጀመሪያ ያገኘው ፌስቡክ ላይ «የዓሣ ወዳጆች» የሚባል ግሩፕ ነው። አባላቱ የአንድ ወረዳ ሕዝብ ያህላሉ። ይህ ሁሉ ወዳጅ እያለ ቱሪስት አይሞትም ብሎ ደስ አለው። ሰላምታውን አስቀድሞ ጻፈ፦ ዓሣዬ ሆዱ ተነፍቶ ተገልብጧል፤ ምን ላድርግ?

መልሱ ወዲያው ጎረፈ።

«ሆዱ ከተነፋ አትብላው ወንድሜ፤ ለጤናህ አስብ።»

«ኧረ ምንም አይለውም፤ ሆድቃውን አውጥቶ በሎሚ ማሸት ነው።»

«ትልቅ ነው? ለጥብስ ይሆናል?»

ደሳለ ተጣድፎ፣ «ኧረ በሕይወት አለ!» ብሎ ጻፈ።

«ታድለህ! ትኩስ የት ይገኛል!» አለው አንዱ፤ የሚጥሚጣ ሥዕልም ጨመረለት።

ወዳጅነታቸው እስከ መጥበሻው አፍ ድረስ መሆኑን ያወቀው ያኔ ነው። ከዚያ ወደ ኩሬ አርቢዎች ግሩፕ ተሻገረ። እነዚህ ቁም ነገረኞች ናቸው።

«ስንት አለህ?» አሉት።

«አንድ።»

«አንድ ሺህ?»

«አንድ።»

ከዚያ ወዲያ ማንም አልመለሰለትም። አንዱ ብቻ ሥልጠና እንዲወስድ መክሮታል።

በሦስተኛው ፍለጋ ትክክለኛውን ቦታ አገኘ። በቴሌግራም፣ ዓሣ በመስታወት የሚያሳድጉ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ግሩፕ ነው። ቤቱ የተከፋፈለ ነው፦ የሰላምታ ክፍል አለው፣ የሕመም ክፍል አለው፣ የፎቶ፣ የሽያጭ፣ የልዩ ልዩ። እንደዚህ የተደራጀ ቤት ደሳለ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ እንኳ አይቶ አያውቅም። በሕመም ክፍል ገባና እንደ ወጉ ጀመረ፦ እንደምን ከረማችሁ፣ ቤተሰብ ደህና፣ አዝመራው እንዴት ይዟችኋል። ዓሣው ጋ ሳይደርስ ጽሑፉ ጠፋ። በምትኩ፣ «በሕመም ክፍል ሰላምታ ክልክል ነው። — አድሚን ዮኒ» የሚል ተተካ።

ወደ ሰላምታ ክፍል ሄደ። ሰላም ብሎ ሲያበቃ ዓሣው መገልበጡን ጠቀስ አደረገ። «በሰላምታ ክፍል ጥያቄ ክልክል ነው። — አድሚን ዮኒ።»

ተመልሶ ሕመም ክፍል ገባና ያለ ሰላምታ ጠየቀ። የሰው ቤት በመስኮት የገባ ያህል ፊቱ ጋለ። ዮኒ ግን ደስ አለው መሰለኝ፣ ጥያቄ አስከተለ፦ ፎቶ ከጎን፣ የውኃው ምርመራ ውጤት፣ የአኳሪየሙ ሊትር።

ደሳለ ጥያቄዎቹን ደግሞ አነበበ። ከዚያ በአስጎብኚነት ዘመኑ ያላደረገውን አደረገ። «አላውቅም» ብሎ ጻፈ።

ለዚህም ተሸለመ። «ጥያቄህ አልተሟላም፤ ሦስት ጊዜ ሕግ ጥሰሃል። እስከ ነገ መጻፍ ታግደሃል። ከመጠየቅህ በፊት ፈልግ።»

አፍ ታሰረ፣ ዐይን ግን አልታሰረም። ሌላ የሚሠራው ስላልነበረው የታዘዘውን አደረገ፤ «ተገልብጧል» ብሎ ፈለገ። ብዙ የተገለበጠ ዓሣ መጣ። ወረድ ሲል አውራ ጣቱ ቆመ። ከአንዱ ጥያቄ ጎን በትንሹ ክብ ውስጥ ያለው ፎቶ ክራባት ያሰረ፣ በሆቴል በር ላይ ቆሞ የሚስቅ ሰው ነው። ሙሉሃብት ነው።

ከሰርካለም ጋር ከመጋባቱ በፊት የጻፈው ነው። እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ልበላችሁ ብል ዮኒ ይሰርዘኛል፤ እንዳልኩ ይቆጠርልኝ። ዓሣዬ ሆዱ ተነፍቶ ተገልብጧል። በዚህ ከተማ የምጠይቀው ሰው አጣሁ። ታላቅ ወንድም አለኝ፤ ግን አስጎብኚ ስለሆነ አላውቅም አይልም። እሱን ከጠየቅሁ ዓሣው ሞቶ ተቀብሮ ማብራሪያው አያልቅም።»

ደሳለ ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ የሳቀው ያኔ ነው። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊዞርበት ሲል በጋቢው ጥርዝ አፉን ያዘ።

ከሥሩ የሰዎቹ መልስ አለ። ምን አበላኸው ብለውታል፤ ብስኩት ብሏል። ሰድበውታል። ከዚያ መድኃኒቱን ነግረውታል፦ ሦስት ቀን ምንም አትስጠው፤ በየቀኑ ከውኃው ሩቡን ቅዳና ባደረ ውኃ ተካው፤ ሲቃና ልጣጩ የተገፈፈ የተቀቀለ አተር በጣም ትንሽ ስጠው። ሙሉሃብት፣ «ላስታ ቁጭ ብዬ ጾም ከእናንተ ልማር?» ብሎ መልሷል። የሳቀለት ብዙ ነው።

ያደረ ውኃ ችግር አልነበረም። ላሊበላ ውስጥ ቧንቧ በመጣ ቀን የተሞላ ጀሪካን በየቤቱ ተደርድሯል፤ ያላደረ ውኃ ቢባል ነበር የሚቸግር። ችግሩ ጾሙ ነው።

ደሳለ ገብቶ ለሰርካለም አነበበላት። ስልኩን ተቀብላ እንደገና ራሷ አነበበችው፤ እንደገናም። ይህን ጊዜ እትየ አመተ ማርያም የንፍሮ ሳህን ይዘው ወደ አኳሪየሙ ቀረቡ።

«እትየ፣ ይቅርብዎ» አለ ደሳለ። «እህል ነው ያሳመመው። ከእንግዲህ እንዳይሰጡት።»

አክስቲቱ ቆሙ። «ምን አልከኝ?»

«አይስጡት ነው የምልዎ።»

«የልጄን ቤት ከብት እህል ትከለክለኛለህ? እኔ? አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ሞቶብኝ ከኩልመስክ ድረስ የመጣሁት፣ ሁለት ፍሬ ስንዴ በዝታብኝ?»

«እትየ፣ ሆዱን ነፍቶት...»

«ሙሉሃብት ቢኖር ይኸን ይለኝ ነበር?» ሳህኑን አስቀምጠው ነጠላቸውን ማጣፋት ጀመሩ። «ጫማዬን አምጡልኝ። የእኔ እጅ መርዝ ከሆነ ልሂድላችሁ።»

ከበር የተቀመጡት ለቀስተኞች ደሳለን እንደ ክፉ ሰው አዩት። አንዱማ ለአክስቲቱ ካሳ እንዲሆን ነው መሰል የያዘውን ዳቦ መፈርፈር ጀመረ። ደሳለ ስለ ዓሣ አንጀት ሊያብራራ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰርካለም ከፍራሹ ተነሣች።

«እትየ፣ አክፍሏል እኮ» አለች።

አክስቲቱ እጃቸው ነጠላው ላይ ቀረ። «አክፍሏል? ስቅለት ነው እንዴ? በጥቅምት?»

«ለሕመሙ ነው። ሦስት ቀን እህል አይቀምስም። ድሮም እንዲህ ሲያመው ሙሉሃብት ያስጾመው ነበር።»

እትየ አመተ ማርያም ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብለው የተገለበጠውን ቱሪስት ትኩር ብለው አዩት።

«ታዲያ ይኸን ከመጀመሪያው አትነግረኝም፣ አንተ ለፍላፊ?» አሉ ወደ ደሳለ ዞረው። «ጾመኛ ፊት ንፍሮ ስቆረጥም ዝም ትለኛለህ?»

ያን ዕለት ሳህኑ ከአኳሪየሙ ክፍል ወጣ። አክስቲቱ ወንበራቸውን ከመስታወቱ ጎን አስጠግተው ተቀመጡ። የፍላቂቱ ሰውየ ዳቦውን ከፍ ሲያደርግ እጁን ጠፍ አደረጉት። «እፈር እንጂ። አክፍሏል።» ሰውየውም ይቅርታ ጠየቀ፤ ማንን እንደጠየቀ ግን አልታወቀም። ከዚያ በኋላ የመጣ ለቀስተኛ ሁሉ ጉዳዩ በሹክሹክታ እየተነገረው ራሱን እየነቀነቀ ያልፋል። ስለ ዓሣ የሚያውቅ አንድ ሰው በቤቱ አልነበረም፤ ስለ ጾም ግን ማብራሪያ የሚፈልግ አልተገኘም።

ሰርካለም በየጧቱ ሩቡን እየቀዳች ካደረው እየጨመረች ቆየች። በሁለተኛው ቀን ቱሪስት ወደ ጎን አዘነበለ። በሦስተኛው ቀን ሰካራም ቢመስልም ጀርባው ወደ ላይ ዞረ። አተሩን እትየ አመተ ማርያም ላጡት፤ ቅዳሴ የሚወጣበት ሰዓት ካልደረሰ አይቀምስም ብለውም ቤቱን ሁሉ አስጠበቁ። ሰዓቱ ሲደርስ ሰርካለም የጥፍር ቁራጭ የምታህለውን ጣለችለት። ቱሪስት ዞራት፣ ጎረሳት፣ ተፋት፣ መልሶ ዋጣት። ሰርካለም ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ቆየች፤ ስትገልጠው ሽንብራ ቆሎ ካለ እንዲያመጡላት ጠየቀች። ርቧታል።

እገዳው ተነሥቶለት ስለነበር ደሳለ ከሙሉሃብት ጥያቄ ሥር፣ «ተሽሎታል፤ እናመሰግናለን» ብሎ ጻፈ።

ዮኒ አልዘገየም። «አንተ ጠያቂው አይደለህም። ጠያቂው ራሱ ያረጋግጥና ውይይቱ ይዘጋል።»

ደሳለ፣ «ጠያቂው ወንድሜ ነው። በመስከረም አርፏል። ዓሣው ግን ዛሬ በልቷል» ብሎ መለሰ።

አንድ ሰው «ነፍስ ይማር» አለ። ሌላ ተከተለ፤ ሌላም። ዮኒ፣ «የሐዘን መግለጫ በልዩ ልዩ ክፍል ይጻፍ» ብሎ አስጠነቀቀ። የሰማው የለም። ጥቂት ቆይቶ ከሁሉም ሥር አንድ መስመር መጣ፦ «ነፍስ ይማር። ላስታ ቁጭ ብዬ ጾም ከእናንተ ልማር ያለን ልጅ ነው እንዴ? — አድሚን ዮኒ።»

ደሳለ እያንዳንዱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሰርካለም ያነብላታል። እትየ አመተ ማርያም ከወንበራቸው ሆነው አዳመጡ።

«እነማን ናቸው ይኸን ሁሉ ነፍስ ይማር የሚሉት?»

«የሙሉሃብት ወዳጆች ናቸው፣ እትየ። ለቀስተኞች ናቸው።»

«ታዲያ ምን ደጅ ያቆማቸዋል?» አሉ አክስቲቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ግቡ በላቸው እንጂ!»