ከአማት ጋር ዛፍ መውጣት

ቀውላላው ይሠራበት የነበረው ፎቶ ኮፒ ቤት ከተዘጋ በኋላ ሥራ ፈትቶ ቤት ይውል ነበር። በገመድ ዛፍ ላይ እየወጡ የደረቀ ቅርንጫፍ የሚቆርጡ ሠራተኞች ሥልጠና ሲጀመር ቀድሞ የተመዘገበው እሱ ነው። ቀውላላው ያሉት ቁመቱን አይተው ነው እንጂ ከወንበር ከፍ ብሎ የቆመበት ቀን ትዝ አይለውም። ደስ ያለው ግን እንጀራ ማግኘቱ ብቻ አልነበረም፤ የሚስቱ አባት የማይችሉት አንድ ነገር በመገኘቱ ጭምር ነው።

ሚስቱ አባቷን ትወዳለች። መውደዷ ባልከፋ፤ ማወዳደሯ ነው እንጂ። ቧንቧው ሲያንጠባጥብ፣ “አባዬ ቢሆን በጥፍሩ ያጠብቀው ነበር” ትላለች። በሩ ሲጥ ባለ ቁጥር፣ “አባዬን ልጥራው?” ትላለች። ሽማግሌው የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ጡረታ ወጥተው፣ ሚስታቸውም ሞተውባቸው ከልጃቸው ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ቀውላላው በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኗል።

ሥልጠናው የሚሰጠው መናፈሻ ውስጥ ባለ አሮጌ ዛፍ ላይ ነበር። አሠልጣኟ አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት።

“ቋጠሮው ክብደትህ ሲያርፍበት ገመዱን ነክሶ ይይዛል፤ ስታቀለው ወደ ላይ ትገፋዋለህ። እግርህን የገመዱ ቀለበት ውስጥ አስገባ። ቁም፣ ግፋ፣ ቁጭ በል። በቃ ይኸው ነው።”

ይኸው ነው ማለት ለእሷ ቀላል ነው። ቀውላላው ቋጠሮውን አላመነውም። ገመዱን በሁለት እጁ ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ክንዱ እስኪዝል ይንጠለጠላል፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳውና ይወርዳል። እንደገና ይወጣል፤ እንደገና ይወርዳል። ሌሎቹ ሠልጣኞች ትልቁ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን እያወዛወዙ ቁልቁል ያዩታል። ቤት ሲገባና ሚስቱ “እንዴት ዋልክ?” ስትለው፣ “ጥሩ ነው፤ እየወጣን ነው” ይላል።

አንድ ቀን ምሳውን ረስቶ ከቤት ወጣና አማቱ ይዘውለት መጡ። አሠልጣኟ ሽማግሌው አንገታቸውን ቀና አድርገው ዛፉን ሲመረምሩ አየቻቸው።

“አባባ፣ ይሞክሩታል?” አለቻቸው ለጨዋታ።

“ምን ገዶኝ!” አሉና ኮታቸውን አውልቀው ለአማቻቸው አስያዙት።

የወገብ መታጠቂያውን አሰሩላቸው። ቁም፣ ግፋ፣ ቁጭ። አልተጣደፉም፤ አልተንጠለጠሉም። “ዳገት በአንደኛ ማርሽ ነው!” እያሉ ቅጠሉ ውስጥ ገቡ። ትልቁ ቅርንጫፍ ላይ ሲቀመጡ ሠልጣኙ ሁሉ አጨበጨበ።

“ቋጠሮን ማመን ማለት ይሄ ነው! አየህ?” አለች አሠልጣኟ።

“አየሁ” አለ ቀውላላው፣ ኮቱን እንደታቀፈ። ፊቱ ይስቃል፣ አንጀቱ ድብን ብሏል። ‘ምነው ትንሽ እንኳ ቢንሸራተቱ’ ብሎ ተመኘ። ወዲያው በራሱ አፈረ፤ ምኞቱን ግን አልመለሰም።

“አሁን ቋጠሮውን በእጅዎ ቀስ አድርገው ወደ ታች ይጫኑት፤ ራሱ ያወርድዎታል” አለች አሠልጣኟ።

ሽማግሌው ቁልቁል አዩ።

“አባባ?”

“ፍሬኑን ልቀቅ ነው የምትይኝ?”

“ቀስ ብለው ነዋ!”

“ሠላሳ ዓመት ስነዳ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ለቅቄ አላውቅም፤ ዛሬም አልጀምርም!”

ሠልጣኞቹ በሳቅ ፈረሱ። ሽማግሌው ግን እየቀለዱ አልነበረም፤ ግንዱን አቅፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እንደጨፈኑም፣ “አማቼ ይምጣልኝ፤ ሌላ ሰው አልፈልግም!” አሉ።

አሠልጣኟ ወደ ቀውላላው ዞረች። “ሂድ። መውረድ እንዳንተ የተለማመደ እዚህ የለም።”

ሙገሳ ይሁን ስድብ አልገባውም። ጎን ባለው ገመድ ላይ ታጥቆ ወጣ። ‘ዛሬ ገና! ዛሬ ገና!’ እያለ ነው የሚወጣው። ማታ ለሚስቱ የሚላትን እያዘጋጀ ክንዱን ረሳው፤ ግማሹን ሲያልፍም ልብ አላለም። ሲደርስ የሽማግሌው እጅ በረዶ ሆኗል።

“ለልጅቷ እንዳትነግራት” አሉት በሹክሹክታ።

“አልነግራትም፣ አባባ” አለ፣ ሊነግራት ቆርጦ።

እጁን እጃቸው ላይ ደርቦ ቋጠሮውን ከእሳቸው ጋር ተጫነ። ጎን ለጎን፣ ቀስ እያሉ ወረዱ።

እራት ላይ ገና የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሳይውጥ፣ “ዛሬ አባባ...” ብሎ ጀመረ። ሽማግሌው ቀደሙት።

“የኔ እናት፣ አባትሽ ዛሬ ዛፍ ላይ ሊያረጅ ነበር!” አሉና ምንም ሳያስቀሩ ዘከዘኩት። ግንዱን ማቀፋቸውን፣ ፍሬኑን፣ ዓይናቸውን መጨፈናቸውን፤ ተነሥተውም የኮት መስቀያውን አቅፈው አሳዩአት። ሚስቱ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቀውላላው በአፉ የያዘው ወሬ ደረቀበት። የሰው ውርደት የሚዘረፍ ነገር ቢሆን እንደ እሱ የተዘረፈ አልነበረም። በታሪኩ ውስጥ ደግሞ የእሱ ድርሻ፣ “ከዚያ ይሄ መጣና አወረደኝ” የምትል ብቻ ሆነች።

ከእራት በኋላ ሳህን እያጠቡ ሳለ ሚስቱ አሁንም ትስቃለች።

“አባዬ ግን ሲያወራ!”

“ትልቁ ቅርንጫፍ ድረስ ወጥቼ ነው ያወረድኳቸው” አለ፣ ከሳህኑ ቀና ሳይል።

“ሰማሁ እኮ።”

“ከዚህ በፊት ደርሼበት አላውቅም። ግማሽ ላይ ነበር የምመለሰው።”

ቧንቧውን ዘጋችና ፊቱን አየችው። “እየወጣን ነው ስትለኝ የነበረውስ?”

ሳህኑን አገላበጠ።

“እና ዛሬ ደረስክ?”

“ደረስኩ።”

እርጥብ እጇን አንገቱ ላይ ጠምጥማ ሳመችው። ቀውላላው ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቱ ሞላ። እሷ ግን ወዲያው ወደ ሳሎኑ ዞራ፣ “አባዬ! ዛሬ እኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ትልቁ ቅርንጫፍ ላይ የደረሰው!” ብላ ጮኸች።

“ታዲያስ!” አሉ ሽማግሌው ከሳሎን። “እኔ ባልጠራው መቼ ይደርስ ነበር?”

ሚስቱ እንደገና ሳቀች። ቀውላላው የደረቀውን ሳህን አንሥቶ እንደገና መወልወል ጀመረ። ያንገበገበው ቀልዳቸው አይደለም፤ እውነታቸውን መሆኑ ነው።