የኩማ ፍሬን እና የደረሳ አማት

መምህር ደረሳ ነቀምት ውስጥ ፊዚክስ ሲያስተምር አንድም ተማሪ ተከራክሮት አያውቅም። «የሚሄድ ነገር የሚያስቆመው ኃይል እስኪያገኝ መሄዱን አይተውም፤ የቆመም የሚገፋው እስኪያገኝ እንደቆመ ነው» ሲል ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይደግሙለታል፤ እሱም ጢሙን እያሻሸ ይኩራራል። ምነው ሕጉን እዚያው ሰሌዳው ላይ ትቶት በቀረ!

ያኔ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ የሲሬዋን ድርቤን አጭቶ ሠርጉ ደርሶ ነበር። በእኛ አገር ደግሞ እጮኛ ከአማቱ ጋር ፊት ለፊት አይተያይም፤ አማትም ስሙን በአፏ አትጠራውም። መንገድ ላይ ቢገናኙ እሱ ወደ ጫካ ዞር፣ እሷ ነጠላዋን ክንብንብ ነው። ይህን የጣሰ ልጅቱን ይርሳት። ደረሳ ድርቤን ከሚረሳ መተንፈስ ቢረሳ ይቀለው ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከሲሬ ሊመለስ ኩማ የሚነዳው አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ከፊት ወንበር ማን ቢቀመጡ ጥሩ ነው? አዴ ድንቅነሽ፣ የድርቤ እናት፤ ዕንቁላል የሞላ ቅርጫት ታቅፈው። ደረሳ ክው አለ። ባርኔጣውን እስከ አፍንጫው ደፍቶ፣ ሰው እየገፋ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ፊቱ እንዳይታይም ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። የሚያዘው ብረት ከራሱ በላይ ነበር። ኤዲያ፣ መምህር ተብሎ!

የፈሩት ይደርሳል። ቁልቁለቱ ላይ አንድ በሬ መንገድ መሃል ተገትሮ ኩማ ፍሬኑን ረገጠው። አውቶቡሱ ቆመ፤ ደረሳ ግን አልቆመም። ባርኔጣው ወዲያ፣ እሱ ወዲህ፣ በመተላለፊያው ተንደርድሮ አዴ ድንቅነሽ ጭን ላይ፣ ዕንቁላሉ መሃል ዘጭ አለ። ቀና ሲል ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ።

«ያ ዋቅ! የፈጣሪ ያለህ!» ብለው ጮኹ አዴ ድንቅነሽ።

«እኔ አይደለሁም፣ ሕጉ ነው» አለ ደረሳ፣ አስኳል ከጢሙ እየተንጠባጠበ።

የድርቤ አባት ኦቦ ባቻ ወሬውን እንደሰሙ ሽማግሎቹን ሰብስበው «ጋብቻው ቀርቷል» አሉ። ደረሳ ጫማቸው ላይ ተደፍቶ ስለ ሕጉ ቢያስረዳ ጭራሽ ነደዱ።

«ራሱን የገዛ ወንድ አይወድቅም! እኔ ብሆን ንቅንቅ አልልም!»

«እንግዲያውስ ይታያላ» አሉ ሽማግሎቹ፤ ክርክሩ ቢሰለቻቸው ነው። ባቻ ከወደቁ ደረሳ ምሕረት ያገኛል፤ ካልወደቁ ድርቤን ይርሳት።

በሚቀጥለው ገበያ ሁሉም ተሳፈሩ። አዴ ድንቅነሽ ከፊት ተከናነቡ፤ ደረሳ ከኋላ ጀርባውን ሰጥቶ፣ አሁንስ ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ያዘ። ኦቦ ባቻ ዘንጋቸውን ይዘው መተላለፊያው መሃል ተተከሉ። የፊቱ በር እንደሆነ ተበላሽቶ ከድሮም አይዘጋም።

«አባቴ፣ ብረቱን ይያዙ» አለ ደረሳ ከኋላ።

«ዝም በል!»

ኩማ አስነሣ። አውቶቡሱ ወደ ፊት ሲፈተለክ ኦቦ ባቻ ወደ ኋላ እየተንገዳገዱ መጥተው ደረሳ ጀርባ ላይ ተለጠፉ።

«ይህ እንግዲህ የቆመው ነገር ነው፤ የሚሄደው ገና ይመጣል» አለ ደረሳ። አፉን አይዘጋም እኮ!

«ይሄ አይቆጠርም! አልተዘጋጀሁም!» ብለው ሰውየው ወደ ፊት ሄደው በሩ አጠገብ ቆሙ። ደረሳ ነገሩ አላምር ብሎት፣ ከብረት ብረት እየያዘ ተከተላቸው።

ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ አዴ ድንቅነሽ የኩማ እግር ወደ ፍሬኑ ሲሄድ አዩ። ባላቸውን አዩ፤ የተከፈተውን በር አዩ። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገፈፉት።

«ደረሳ! ልጄ! ያዘው!»

ደረሳ በአንድ እጁ ብረቱን፣ በሌላው የኦቦ ባቻን ጋቢ ጨመደደ። አውቶቡሱ ቀጥ ሲል ሰውየው በሩ ላይ እንዳዘነበሉ ተንጠልጥለው ቀሩ። ዘንጋቸው ግን የሚይዘው አልነበረምና በበሩ ወጥቶ ገደል ገባ።

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ አዴ ድንቅነሽ ዞረ። ስሙን ጠሩት! ያውም ፊታቸው ተገልጦ! ኦቦ ባቻ ገደሉን አዩ፣ ጋቢያቸውን ያልለቀቀውን እጅ አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። ወግ ተጥሷልና ይፍረስ ቢሉ አሁን ጥፋተኛዋ የራሳቸው ሚስት ናት።

«ሕጉ ልክ ነው» አሉ አንገታቸውን እያሻሹ። «ሠርጉ ይሁን። ግን ልጄን በበቅሎ ነው የምትወስዳት፤ አውቶቡስ የሚባል ነገር እንዳልሰማ!»

«በቅሎዋም ድንገት ከቆመች እኮ አባቴ...» ብሎ ጀመረ ደረሳ።

አዴ ድንቅነሽ ነጠላቸውን መልሰው ተከናነቡ፤ ፊታቸውንም ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ኩማ» አሉ፣ «ያንን ልጅ ዝም በል በልልኝ።»